ከጡት ካንሰር በኋላ ወደ ሥራ ስንመለስ፦ ምን እንጠይቅ፣ እንዴትስ እንጠይቅ?

ከኦፕራሲዮንና ከኬሞ በኋላ ወደ ክፍል የተመለስኩበትን ጠዋት አልረሳውም። ተማሪዎቹ ብድግ ብለው ሰላም አሉኝ። ዞሬ ጠመኔ አነሳሁና ቀኑን ለመጻፍ ቀኝ እጄን ወደ ሰሌዳው ዘረጋሁ። እጄ ከትከሻዬ በላይ አልሄድ አለኝ። ከብብቴ እስከ ክርኔ ድረስ የተወጠረ ክር ያለ ይመስል ይጎትተኛል። ቀኑን ዝቅ አድርጌ፣ በደረቴ ትክክል ጻፍኩት። ተማሪዎቹ ልብ አላሉም። እኔ ግን ክው አልኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ደህና ነኝ፣ ልጀምር ነው" ስል ከርሜ፣ ሥራዬ ከእጄ ምን እንደሚፈልግ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አብረውኝ ሕክምና ከተከታተሉ ሴቶች ጋር ስለዚህ ነገር ብዙ አውርተናል። የሁላችንም ስህተት አንድ ነው። በደፈናው እንጠይቃለን። "ትንሽ አስቡልኝ" ስትይው አለቃሽ ሊያዝንልሽ ይችላል፤ ምን እንደሚያደርግልሽ ግን አያውቅም። "ለስድስት ሳምንት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይነሳልኝ" ስትይው ግን ዛሬውኑ ሊፈጽመው ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከደፈናው ወደ ዝርዝሩ የሚወስድ መንገድ ነው።

የምጽፈው እንደ እህት ለእህት ነው። ግን የጡት ካንሰር ወንዶችንም ይይዛል። ወንድሜ፣ እያነበብክ ከሆነ ምክሩ ላንተም ይሠራል።

1. ሥራሽን በወረቀት ላይ ዘርዝሪው

ከመመለስሽ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለሽ አንድ ደብተር ያዢ። ከቤት ከምትወጪበት ሰዓት አንስቶ እስክትመለሺ ድረስ የምታደርጊውን ሁሉ በተራ ጻፊ። "አስተምራለሁ" ብለሽ አትለፊው። "አርባ ደብተር ይዤ ደረጃ እወጣለሁ፣ አርባ ደቂቃ ቆሜ እናገራለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እየጻፍኩ ከኋላዬ የሚንሾካሾኩትን እሰማለሁ" ብለሽ ጻፊው።

ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ሥራው ከሰውነትሽ የሚፈልገውን አስቀምጪ፦ ክንድ፣ እግር፣ ጣት፣ ጭንቅላት፣ ሙቀት መቻል። ልብስ ሰፊ ከሆንሽ ጣትና ትከሻ ይበዛል። ነርስ ከሆንሽ ሕመምተኛ ማገላበጥና የሌሊት ተራ አለ። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆንሽ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላት ነው። የጽዳት ሠራተኛ ከሆንሽ ባልዲው፣ መወልወያው፣ ከፍ ያለው መስኮት።

ወረቀቱ ሲያልቅ ቤትሽ ውስጥ ልምምድ አድርጊ። ለሦስት ቀን በሥራ ሰዓት ተነሺ፣ ልበሺ፣ ከቤት ውጪ፣ ተመለሺና ለሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለሽ አንድ ሥራ ሥሪ። በስንት ሰዓት ላይ እንደደከመሽ ጻፊ። እኔን ሁልጊዜ የሚጥለኝ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነበር። ይህን ባውቅ ኖሮ ገና ከጅምሩ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍል አልወስድም ነበር።

2. ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ

ሐኪምሽ በሽታሽን ያውቃል፤ የሥራሽን ውሎ ግን ካልነገርሽው አያውቅም። "ሥራ መጀመር እችላለሁ?" ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽው "ትችያለሽ" ይልሻል፣ አበቃ። ዝርዝሩን አሳዪውና አንድ በአንድ ጠይቂው። ምን ያህል ክብደት ላንሳ? እስከ መቼ? እጄን ከትከሻ በላይ ደጋግሜ ባነሳ ችግር አለው? ፊዚዮቴራፒ ያስፈልገኛል? የእኔን ክር የመሰለ መወጠር ለምሳሌ የብብት ዕጢ (ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን ሊምፍ ኖድ የሚባለው ትንሽ ዕጢ) በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ የሚያጋጥም የታወቀ ነገር ነው፤ በፊዚዮቴራፒ ይላላል። እኔ ግን ሳልጠይቅ ሁለት ወር ተሸክሜው ዞርኩ።

የቀረሽን ሕክምናም በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጪ። ሥራ መመለስ ማለት ሕክምና አለቀ ማለት አይደለም።

የጨረር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል። ድካሙ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ ይብሳል፣ ካለቀም በኋላ ትንሽ ይከርማል። ትራስቱዙማብ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ያህል ይመላለሳሉ፤ በየጊዜው የልብ ምርመራም አላቸው። የሆርሞን ክኒን ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ኬሞ ላይ ሆነሽ የምትሠሪ ከሆነ ነጭ የደም ሴል ዝቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከመርፌው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ሰው ከሚበዛበትና ጉንፋን ከሚመላለስበት ቦታ ብትርቂ ጥሩ ነው። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሥራ ይቅርና ሌሊትም ቢሆን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ስትወጪ የምትይዢው ማስረጃ "ሕክምና ላይ ነች" የሚል ብቻ አይሁን። ምን እንደምትችዪና ምን እንደማትችዪ፣ ለስንት ሳምንት እንደሆነም ይጻፍበት። የበሽታው ስም ሁሉም ቢሮ እንዲደርስ ካልፈለግሽ ለሐኪምሽ ንገሪው። ለአለቃሽ የሚያስፈልገው የበሽታሽ ታሪክ ሳይሆን የሥራ ገደብሽ ነው።

3. ማን ምን ያህል ይወቅ?

ይህን ራስሽ ወስኚ። የሥራ ባልደረባ ስለወደደሽ ብቻ ሁሉን ማወቅ የለበትም። እኔ ሰዎችን በሦስት ከፈልኩ። የሰው ኃይል ክፍልና የቅርብ ኃላፊዬ ገደቤን በጽሑፍ አወቁ። ሁለት የምቀርባቸው መምህራን ሙሉውን አወቁ፤ ስወድቅ የሚያነሱኝ እነሱ ናቸው። ለቀረው ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አዘጋጀሁ፦ "ታምሜ ነበር፣ ተመስገን እየተሻለኝ ነው፤ ዝርዝሩን ባናወራው ደስ ይለኛል።" መስታወት ፊት ቆመሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጃት። ፀጉርሽ ለምን እንዳጠረ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ምላስሽ እንዳይታሰር።

ስለ ሕግም ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ተመጣጣኝ የሆነ ማስተካከያ መከልከልን ራሱን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል። ካንሰር በዚህ ሥር እንዴት እንደሚታይ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ደብዳቤሽን ከማስገባትሽ በፊት የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እነሱን፣ ከሌለም ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ደንብና የሥራ ውልሽንም አንብቢ፤ ከጠበቅሽው በላይ ልታገኚበት ትችያለሽ።

4. ጥያቄሽን በደብዳቤ አስገቢ

በቃል መነጋገር ጥሩ ነው። ግን አለቃ ይቀየራል፣ ሰውም ይረሳል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አራት ነገር ይኑረው፦ መቼ እንደምትመለሺ፣ ምን እንዲስተካከል እንደምትጠይቂ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ መቼ ደግማችሁ እንደምትነጋገሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ጉዳዩ፦ ጊዜያዊ የሥራ ሁኔታ ማስተካከያ ስለመጠየቅ። በሕመም ፈቃድ ላይ ቆይቼ በ… ቀን ወደ ሥራ እመለሳለሁ። በተያያዘው የሐኪም ማስረጃ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት፦ ሀ) በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ቀን ጀምሬ ሰዓቴን ቀስ በቀስ እንድጨምር፤ ለ) ከሐኪሜ ገደብ በላይ የሆነ ዕቃ እንዳላነሳ፤ ሐ) ተቀምጬ የምሠራበት ወንበር እንዲዘጋጅልኝ፤ መ) ለሕክምና ቀጠሮ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ተገናኝተን ብንነጋገር መልካም ነው።"

ልመና አታስገቢበት። ይቅርታም አትጠይቂ። ኮፒውን በቀን አስፈርመሽ ቤትሽ አስቀምጪ። በዚያው ደብዳቤ ወይም ለብቻው ስለ ደመወዝሽ ጠይቂ፦ በግማሽ ቀን ስሠራ ደመወዜ እንዴት ይሰላል? የቀረኝ የሕመምና የዓመት ፈቃድ በማልሠራባቸው ሰዓቶች ሊተካ ይችላል? ይህን ሳይጠይቁ ጀምረው በወር መጨረሻ የደነገጡ ሴቶች አውቃለሁ።

5. አመላለሱን በደረጃ አድርጊው

ሰኞ አትጀምሪ። ረቡዕ ጀምሪ። የመጀመሪያው ሳምንትሽ በሦስት ቀን ያልቃል፣ ወዲያው ታርፊያለሽ። ከዚያ ለምሳሌ ለሁለት ሳምንት በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት አምስት ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ቀን ሙሉ፣ እያለ ይሄዳል። ስምንት ሳምንት የሚበቃት አለች፤ ስድስት ወር የሚያስፈልጋትም አለች። ሰዓት ስትጨምሪ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ። ሰዓቱንም ኃላፊነቱንም በአንድ ሳምንት ብትጨምሪ የትኛው እንደጣለሽ አታውቂም።

እዚህ ላይ እኔ ተሸውጃለሁ። ክፍለ ጊዜዬ በግማሽ ተቀነሰ፤ ደስ አለኝ። ፈተና ሲደርስ ግን የማርመው ወረቀት እንደ ድሮው ሙሉ ሆኖ መጣ። በትምህርት ቤት የተቀነሰልኝን ሰዓት ቤቴ ወስጄ በሌሊት ከፈልኩት። ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም፤ እኔ "ሰዓት ይቀነስልኝ" አልኩ እንጂ "ሥራ ይቀነስልኝ" አላልኩም። አንቺ ሁለቱንም ጻፊ። ግማሽ ሰዓት ከሆነ የፋይሉ፣ የደንበኛው፣ የስፌቱ ብዛትም ግማሽ ይሁን፤ የቀረውን ማን እንደሚሠራውም በስም ይታወቅ። ካልታወቀ ባልደረባሽ ላይ ይወድቅና ቅሬታው አንቺው ጋ ይመጣል።

6. ችግርሽን ከማስተካከያው ጋር አዛምጂ

ድካሙ። ይህ ድካም ተኝተሽ ስትነሺ የሚለቅ አይደለም። ከሕክምና በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስንፍና አይደለም፤ ለራስሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪው። ከባዱን ሥራ ጉልበትሽ በሚበረታበት ሰዓት አድርጊው። ሲደክምሽ ሳይሆን ከመድከምሽ በፊት ዕረፊ፤ በየሰዓት ተኩሉ አሥር ደቂቃ፣ በር የሚዘጋ ክፍል ውስጥ። ቆመሽ የምትሠሪ ከሆነ ከፍ ያለ ወንበር ጠይቂ። ለሚቻለው ሥራ ከቤት መሥራት፣ የመግቢያ ሰዓትን ከሰው ግፊያ በኋላ ማድረግ ትልቅ እፎይታ ነው። ደግሞ መቀመጥ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ለዚህ ድካም በጥናት ከተደገፉት ነገሮች ዋናው እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለውጥ ያመጣል። ድካሙ ከባሰ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ድባቴ ሊኖር ይችላል፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ።

ክንዱ። የብብት ዕጢዎች ሲወጡ ወይም ጨረር ሲያርፍባቸው ፈሳሽ በክንድ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊያብጥ ይችላል። ሊምፌዴማ ይባላል። የብብት ዕጢዎቻቸው በብዛት ከወጡላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷን ገደማ ይይዛል፤ ለምርመራ ጥቂት ዕጢ ብቻ ከወጣ ግን አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል "አለፈልኝ" ብለሽ አትርሺው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቀለበትሽ ይጠብቃል፣ የሸሚዝሽ እጅጌ በአንድ በኩል አልገባ ይላል፣ ክንድሽ ይከብዳል። ያን ጊዜ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለሽ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ታዪ።

ድሮ "በዚያ እጅሽ ዕድሜ ልክሽን ምንም እንዳታነሺ" ይባል ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመ ጥናት ሊምፌዴማ የነበረባቸውን 141 ሴቶች ተከታትሎ ነበር። በባለሙያ እየታገዙ፣ በጣም ከቀላል ጀምረው ክብደት ቀስ በቀስ እየጨመሩ ያነሱት ሴቶች እብጠታቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ጉልበታቸው በረታ። ስለዚህ ሥራሽ ሸክም ካለበት ግቡ ለዘላለም አለማንሳት ሳይሆን በደረጃ መመለስ ነው። የሚያስፈራው ለወራት ያረፈን ክንድ በአንድ ቀን ሙሉ ሸክም ላይ መጣል ነው።

በሥራ ቦታ የምትጠይቂው ይህን ነው፦ ዘወትር የምትጠቀሚበት ዕቃ ከወገብ እስከ ደረት ከፍታ ይደርደር። ሸክሙ በትንሽ በትንሹ ይከፋፈል ወይም ጋሪ ይኑር። ማውሱ በሌላኛው እጅ በኩል ይሁን፣ ክርንሽም የሚያርፍበት ይኑረው። ምግብ ቤት ወይም ጽዳት የምትሠሪ ከሆነ ጓንት በነጻ ይሰጥሽ፤ በዚያ እጅ ላይ መቆረጥና መቃጠል ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የቦርሳሽን ማንገቻ ወደ ሌላኛው ትከሻ አዙሪ። እኔ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍልኝ ተማሪ በየሳምንቱ መረጥኩ። ልጆቹ ተራ እስኪደርሳቸው ይጣሉ ነበር።

ጣቶችና እግር። ፓክሊታክሰል ወይም ዶሴታክሰል የሚባሉትን የኬሞ መድኃኒቶች የወሰድሽ ከሆነ የጣትና የእግር ጫፍ ሊደነዝዝ ይችላል። ወፍራም እስክሪብቶ፣ በድምፅ መጻፍ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ መደገፊያ ያለው ደረጃ ይረዳል። ስለት፣ ምድጃ ወይም ማሽን ላይ የምትሠሪ ከሆነ ስሜቱ እስኪመለስ ሌላ ሥራ ላይ እንድትመደቢ ጠይቂ።

ጭንቅላቱ። ይህኛው ብዙ ሴት ደብቃ የምታለቅስበት ነው። ቃል ይጠፋብሻል፣ ሁለት ነገር አብሮ መያዝ ያቅትሻል። ሦስት ዓመት ያስተማርኩትን ልጅ ስም ጠፍቶብኝ "አንተ… አንተ…" እያልኩ ቆሜ ቀርቻለሁ። በማግስቱ የአቀማመጣቸውን ሥዕል ከነስማቸው ሠርቼ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩ። አንቺም መመሪያ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ስልክ ከሚጮህበት ራቅ ያለ ቦታ ተቀመጪ። አንዱን ሳትጨርሺ ሌላ አትጀምሪ። ገንዘብ የምትቆጥሪ ወይም መድኃኒት የምትለኪ ከሆነ ለጊዜው ሁለተኛ ሰው እንዲያየው አድርጊ። ለአብዛኛዋ ሴት ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል።

ሙቀትና መገጣጠሚያ። ታሞክሲፈን፣ ሌትሮዞልና አናስትሮዞል የሚባሉት የሆርሞን ክኒኖች ድንገት ላብ የሚያጠምቅ ሙቀት ያመጣሉ። መስኮት አጠገብ መቀመጥ፣ ትንሽ ማራገቢያ፣ የሚወልቅ የጥጥ ድርብ ልብስ ይበቃል። ዩኒፎርሙ ወፍራም ወይም ጨረር ያረፈበትን ቆዳ የሚፈትግ ከሆነ እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። ሌትሮዞልና አናስትሮዞል ጠዋት መገጣጠሚያን ስለሚያደርቁ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መግባት ብዙ ይረዳል። ሥራ አስቸገረኝ ብለሽ ክኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ፤ ሐኪምሽ ሊቀይርልሽ ይችላል።

7. ሲከለክሉሽስ? ሳይሆንልሽስ ሲቀር?

"አይቻልም" ከተባልሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ከዚያ ሌላ አማራጭ ይዘሽ ተመለሺ። ወንበር ከሌለ አጭር ዕረፍት፣ ግማሽ ቀን ካልተቻለ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን። በጊዜ ገድበሽ ጠይቂ፤ "ለአራት ሳምንት እንሞክረው" የሚል ጥያቄን እምቢ ማለት ይከብዳል። አሁንም ካልሆነ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ወይም በአገርሽ ሥራና ሠራተኛን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሂጂ። ኮፒዎችሽ የሚያስፈልጉት ያን ጊዜ ነው።

በየቀኑ ማታ ሁለት መስመር ጻፊ፦ ዛሬ ምን ቻልኩ፣ ምን ጣለኝ። በአራተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ የምትናገሪው ከዚያ ላይ ነው። ደግሞ የክትትል ምርመራሽን ቀን አስቀድመሽ ምልክት አድርጊበት። ማሞግራም (የጡት ራጅ) በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ሐኪም ጋ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጥቂት ወሩ ትሄጃለሽ። ከቀጠሮው በፊት ያሉት ቀናት እንቅልፍ ይነሳሉ፤ በዚያ ሳምንት ትልቅ ሪፖርት ወይም ፈተና አትያዢ።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ ከኃላፊዬ ጋር ቁጭ ብለን የማስተካከያዎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አየነው። ሰሌዳውን ሰረዝኩት፤ እጄ ጥግ ድረስ ይደርሳል። የደብተር ሸክሙን ሰረዝኩት። ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍል ሰረዝን፣ በሳምንቱ መልሰን ጻፍነው። ወንበሩን እስካሁን አልሰረዝኩትም፤ ክፍሌ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።